አይሱዙ ተከራይቼ ካርቶን ተቀበልኩ!

መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ መብታችሁ ነው። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ስሙኝ፤ ነገ የእኔ ዕጣ የማይደርሰው ወጣት የለምና።

መቀሌ ውስጥ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተናል። መጋዝ አለን፣ መላጊያ አለን፣ መሮ አለን። የጎደለን ቶርኖ ነበር። ያው እንጨቱን እያሽከረከረ የአልጋና የጠረጴዛ እግር የሚቀርጸው ማሽን ማለቴ ነው። አንድ ቀን በስልኬ ፎቶውን አየሁት። ወይ ማማር! የብረት አልጋው፣ ሞተሩ፣ መያዣው... ዋጋው ደግሞ 38 ሺህ ብር ብቻ። ከሥሩ «150» የሚል ቁጥር ተጽፏል። እኔም «አንድ ሜትር ከሃምሳ! የአልጋ እግር እንደ ልብ ይገባል» አልኩ።

ገንዘቡ የእኔ አልነበረም። የእጮኛዬ የዕቁብ ብር ነው። ለሠርጋችን የያዘችውን «ሥራህ ይቅደም» ብላ ሰጠችኝ።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተላከ። ደረሰ በተባለ ቀን አይሱዙ ተከራየሁ፤ ሁለት ጫኝና አውራጅ ያዝኩ። እጮኛዬም አምራ ለብሳ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስንና ወረቀቴን ሰጠሁ። ሠራተኛው ገብቶ ወጣ። በብብቱ ሥር አንድ ካርቶን ይዟል። የጫማ ካርቶን በሉት፤ ትንሽ ይበልጣል።

«ፈርም» አለኝ።

«ቀሪውስ?»

«የምን ቀሪ?»

ከጫኞቹ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ዞር አለ። ሾፌሩ አዛውንት ናቸው፤ «ልጄ፣ ይህንንስ ጭንህ ላይ አድርገህ በባጃጅ ትሄድ ነበር» አሉኝ። እጮኛዬ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። ምን ብዬ ልንገራት? ምላሴ ቀደመኝ። «ይሄ መለዋወጫው ነው፤ ዋናው ማሽን በሚቀጥለው በረራ ይመጣል» አልኳት። አመነችኝ!

ለካ ያ «150» ሚሊ ሜትር ኖሯል። አሥራ አምስት ሴንቲ! አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። የጠረጴዛ እግር 70 ሴንቲ ነው። ፎቶ ደግሞ ክፉ ነገር ነው፤ አጠገቡ ሰው ወይም እጅ ካልቆመበት ዝንብንም ዝሆን ያስመስላል።

ውሸት ደግሞ ብቻውን አይኖርም፤ ጓደኛ ይፈልጋል። ኪሳራውን ለመሸፈን ስል ከአንድ ሆቴል የ24 አልጋ ሥራ በ30 ቀን ለማስረከብ ተዋዋልኩ፤ ቀብድም ተቀበልኩ። ጓደኛዬ «ኧረ አንችለውም» ሲል «አንተ ፈሪ ነህ» አልኩት። እኔና እሱ ተጋግዘን አንዱን አልጋ በሦስት ቀን ነው የምንጨርሰው። ሦስት ጊዜ 24 ስንት ነው? 72 ቀን! ይህን የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ያሰላዋል። እኔ ግን የማየው ብሩን ነበር። በሠላሳኛው ቀን የደረሱት 9 አልጋዎች ናቸው። ሆቴሉ ውሉን ሰረዘ፤ የቀሪዎቹን ቀብድ መልስ ተባልኩ። ብሩ እንጨት ሆኗል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ አይደል?

በዚያው ሳምንት እጮኛዬ ከኪሴ የጭነቱን ወረቀት አገኘችው። «ብዛት 1፣ ክብደት 9 ኪሎ» ይላል። ወረቀቱ ፎቶው ተነስቶ የተላከልኝ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ነበር። አላነበብኩትም። የአልጋ እግር የሚቀርጽ ቶርኖ 9 ኪሎ ይመዝናል? እሷ ግን ስለ ኪሎው አልተቆጣችም። «ማሽኑ ማነሱ ምንም አይደለም። እኔን አይሱዙ ላይ አስቀምጠህ መዋሸትህ ነው» ብላ ቀለበቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

በኋላ ያንን አውሮፕላን ማረፊያ ሳስበው አፈርኩ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ ማኮብኮቢያው 3.6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውም ለዚህ ነው። ሰዎቹ በዓይናቸው ገምተው አልሠሩትም፤ አስልተው ነው።

ደግሞ አክሱም ሩቅ አይደለም። 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት ያለው ትልቁ ሐውልት ዛሬም ተሰባብሮ ተጋድሟል። አጥኚዎች ሲተከል ወይም እንደተተከለ ብዙም ሳይቆይ ሳይወድቅ አይቀርም ይላሉ። ወደ ሮም ተወስዶ የነበረው 24 ሜትሩ ሐውልት ግን በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሲመለስ ለሦስት ተከፍሎ፣ ግዙፉ አንቶኖቭ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ነው ያደረሰው። ሸክምን ከፋፍሎ መሸከም ነውር አይደለም!

«ይህ የእኛ የድሆቹ ስህተት ነው» የምትሉም አትሳሳቱ። እ.ኤ.አ. በ2014 የፈረንሳይ ምድር ባቡር ያዘዛቸው አዳዲስ ባቡሮች ለብዙ ጣቢያዎች ሰፍተው ተገኝተዋል። 1,300 ያህል የጣቢያ መድረኮችን ለመከርከም 50 ሚሊዮን ዩሮ ተመደበ። ለካ የቆዩትን መድረኮች የለካ ሰው አልነበረም!

እንግዲህ ወጣቶች፣ በገንዘቤ የገዛሁትን ምክር በነፃ እንካችሁ፤

አንደኛ፣ ቁጥር ስታዩ «ምን?» በሉ። ሚሊ ነው፣ ሴንቲ ነው፣ ኢንች ነው? አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ስም ደግሞ ያታልላል፤ «ግማሽ ኢንች» የሚባለው የብረት ቧንቧ ከውጭ ሲለካ 21.3 ሚሊ ነው። የ10 ቁጥር ብሎንም የሚፈታው በ10 ቁልፍ ሳይሆን በ17 ወይም በ16 ነው።

ሁለተኛ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የዕቃውን ቁመት፣ ወርድና ኪሎ ጠይቁ። ከዚያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉት። የበሩንም ስፋት ለኩ፤ ሠርታችሁ የማታስወጡት ቁም ሳጥን ለማንም አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ ትልቅ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ አንዱን ሠርታችሁ ቀኑን ቁጠሩ። ከዚያ አባዙት። ከዚያ ለመብራት መጥፋት ጨምሩበት። ከዚያ ፈርሙ።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ከተሳሳታችሁ በዚያው ዕለት ተናገሩ። እዚያው ጭነት መቀበያው በር ላይ «ተሸወድኩ» ብላት ኖሮ አብረን ስቀን እንመለስ ነበር።

የእኔና የእሷ ነገርስ? ወር ሙሉ አላናገረችኝም። በኋላ ሥራ ቤቱ መጣችና ያቺን ትንሽ ቶርኖ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻት። «የመሳቢያ እጀታ አይሠራባትም?» አለች። ይሠራባታል! አሁን እጀታና የመቁጠሪያ እንክብል እየቀረጽን እንሸጣለን። ከዕቁቧ ብር ግማሹን መልሻለሁ።

ቀለበቱ ግን ገና እኔ ጋ ነው። «ግማሹ ሲመለስ ግማሽ ጣት አይደረግም፤ ሙሉውን ስትጨርስ ታመጣዋለህ» ብላኛለች። ልክ ናት። መለካት ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቅበታለች።