ዓይናችን ጥቂቱን ብርሃን እንዴት አድርጎ ያበዛዋል
(በራዲዮ ከተነገረ ትምህርታዊ ንግግር የተወሰደ)



ማታ መብራት በድንገት ሲጠፋ በመጀመሪያ የገዛ እጃችንን እንኳ ለማየት ያዳግተናል። ጥቂት ቆይተን ግን የበሩን መቃን፥ የወንበሩን መደገፊያ፥ በደጅ የቆመውንም ዛፍ እየለየን እንሄዳለን። በዚህ ጊዜ የውጭው ብርሃን አልጨመረም፤ የተለወጠው የዓይናችን ሥራ ነው። ዛሬ የምንመለከተው ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወንና ሲታወክ በምን እንደሚታወቅ ነው።

በዓይናችን ውስጥ በስተኋላ በኩል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን እንደ መጋረጃ ተዘርግቷል። በእርሱም ላይ ብርሃንን የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ይገኛሉ። አንደኞቹ በቅርጻቸው ሾጣጣ ሲሆኑ በቀን ብርሃን ይሠራሉ፤ ቀለምንም የሚለዩልን እነርሱ ናቸው። ሁለተኞቹ ቀጭንና ረጃጅም ስለሆኑ በትር መሰል ሕዋሳት ይባላሉ፤ የሌሊቱ ሥራ የእነርሱ ነው። ቍጥራቸው በአንድ ዓይን ወደ 100 ሚሊዮን ሲጠጋ፥ ሾጣጣዎቹ ግን 6 ሚሊዮን ያህል ብቻ ናቸው። በትር መሰሎቹ ቀለምን ከቀለም ስለማይለዩ፥ በከዋክብት ብርሃን የነጠላው ቀይ ጥለት ጥቁር መስሎ ይታየናል።

ብርሃን ፎቶን በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች እየሆነ እንደሚደርሰን የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1942 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሴሊግ ሄክት፥ ሳይመን ሽሌርና ሞሪስ ፒረን የተባሉ ሊቃውንት ሰዎችን በጨለማ አስቀምጠው እጅግ ደካማ ብልጭታ እያሳዩ መረመሩ። አንድ ሰው «አየሁ» ለማለት ሕዋሳቱ ከ5 እስከ 14 ፎቶኖች ቢቀበሉ እንደሚበቃው ተገነዘቡ። እነዚህም 500 ያህል ሕዋሳት ባሉበት ሥፍራ ስለሚበተኑ፥ ሁለቱ በአንድ ሕዋስ ላይ የሚያርፉበት ዕድል ጥቂት ነው። እንግዲህ አንድ ሕዋስ በአንድ ፎቶን ብቻ ይነቃል ማለት ነው። በ1979 ዓ.ም. ደግሞ ቤይለር፥ ላምብና ያው የተባሉ ሊቃውንት በጉርጥ ሕዋስ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት ለክተው ይህንኑ በቀጥታ አሳዩ።

ታዲያ ይህን ያህል ኢምንት የሆነ ነገር ለአንጎል የሚደርስ መልእክት የሚሆነው እንዴት ነው?

በጨለማ ጊዜ ሕዋሱ ሥራ የፈታ ይመስለን ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በቆዳው ላይ ያሉት ጥቃቅን በሮች ተከፍተው የሶዲየም ቅንጣቶች ያለማቋረጥ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በሮቹን ከፍቶ የሚይዛቸው ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የብርሃን ሥራ እነዚህን በሮች መዝጋት ነው።

በሕዋሱ ውስጥ አንድ ሺህ ያህል ስስ ገበታዎች፥ በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተደራርበው ይገኛሉ። በእነርሱም ላይ ሮዶፕሲን የሚባል ፕሮቲን ተሰክቷል። ፎቶን ሲያርፍበት በውስጡ ያለው ሬቲናል የሚባለው ጐባጣ ክፍል ይቃናል፤ ሮዶፕሲኑም ይነቃል። የነቃው አንድ ሮዶፕሲን በአሥሮች የሚቈጠሩ ትራንስዱሲን የሚባሉ መልእክተኞችን ተራ በተራ ያስነሣል። እነዚህም ኤንዛይሞችን ይቀሰቅሳሉ፤ አንዱ ኤንዛይምም በአንድ ሴኮንድ በመቶዎች የሚቈጠር ሳይክሊክ ጂኤምፒ ያፈርሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ በሮች ይዘጋሉ፤ በአንድ ፎቶን ምክንያት አንድ ሚሊዮን ያህል የሶዲየም ቅንጣቶች ሳይገቡ ይቀራሉ። ነገሩ ከበላይ የወጣ አንድ ትእዛዝ በመዝገብ ቤት ተባዝቶ ለየክፍሉ ሲደርስ፥ እያንዳንዱም ክፍል በበኩሉ ለብዙ ሠራተኞች ሲያስተላልፈው እንደምናየው ያለ ነው።

ነገር ግን ትእዛዝ የሚሻርበት ጊዜ ከሌለው ሥራው ሁሉ ይደባለቃል። ስለዚህ አሬስቲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን በነቃው ሮዶፕሲን ላይ ተጣብቆ ያስቆመዋል፤ በሮቹም እንደገና ይከፈታሉ፤ ሕዋሱም የሚቀጥለውን ፎቶን ይጠባበቃል።

የተቃናው ሬቲናል ከሮዶፕሲኑ ተለይቶ እንደገና እስኪጐብጥና ወደ ሥፍራው እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለማ ስንገባ ዓይናችን በሙሉ ኃይሉ ለማየት ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈልገው ስለዚህ ነው። ሬቲናል ደግሞ የሚሠራው ከቪታሚን ኤ ነው። ቪታሚኑ በሬቲና ውስጥ መኖሩን በ1933 ዓ.ም. ያወቁት ጆርጅ ዋልድ በ1967 ዓ.ም. ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ይህ ቪታሚን ሲጐድል አስቀድሞ የሚታወከው የሌሊቱ እይታ ነው፤ ሕዝባችንም ዳፍንት ብሎ ያውቀዋል። ቀን በደህና ሲጫወት የዋለ ሕፃን ፀሐይ ስትጠልቅ ዕቃ የሚያደናቅፈው፥ ከእናቱ ጐን የማይርቅ ወይም ምግቡን በዳበሳ የሚፈልግ ከሆነ፥ ወላጆች «ፈሪ ነው» ወይም «ልብ የለውም» ብለው ሊቈጡት አይገባም። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት። የቪታሚኑ ጕድለት በጊዜው ከታወቀ በቶሎ ይድናል፤ ችላ ከተባለ ግን የዓይኑን ብሌን አድርቆና አቍስሎ ለዘለቄታው ሊያሳውር ይችላል። ዳፍንት በሌላ ሕመም ምክንያትም ስለሚመጣ፥ ቪታሚኑም ከመጠን ሲያልፍ ስለሚጐዳ፥ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መስጠት ተገቢ አይደለም።

መከላከያው ግን ከገበያችን አይጠፋም። ጉበት፥ የእንቍላል አስኳልና ቅቤ ቪታሚኑን ይሰጣሉ፤ ጐመን፥ ካሮትና ዱባም ሰውነታችን ቪታሚኑን የሚሠራበትን ይሰጡናል፤ በጥቂት ዘይት ቢሠሩ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማሉ። እንግዲህ፥ የተከበራችሁ አንባብያን፥ አንዲቱን ፎቶን አብዝቶ የሚያሳየን ይህ ድንቅ ሥራ የሚጀምረው ከማዕዳችን መሆኑን እያሰብን፥ የልጆቻችንን ዓይን በተለይ በምሽት ጊዜ እናስተውል።