በኢንተርኔት የሚገኙ የጥንታዊ ሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎችና ታሪክ ምንጮች አጠቃቀም

በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝና በስካንዲናቪያ ይነገሩ የነበሩት ጥንታዊ እንግሊዝኛና ጥንታዊ ኖርስ፣ ዛሬ የአፍ መፍቻ አድርጎ የሚናገራቸው ሕዝብ የለም። የሚታወቁት በብራና፣ በድንጋይና በእንጨት ላይ ተጽፈው በቀሩ ጽሑፎች ነው። ቀደም ሲል እነዚህን ለማየት ወደ ለንደን፣ ኮፐንሃገን ወይም ሬይክያቪክ መጓዝ ግድ ነበር። አሁን ብዙዎቹ በኢንተርኔት ስለሚገኙ፣ የመምህሩ ዋና ተግባር በምንጮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለተማሪው ማስገንዘብ ሆኗል።

ምንጮቹ በሦስት ደረጃ ተከፍለው ሊታዩ ይችላሉ። አንደኛው ምስል ነው፤ ይኸውም የብራናው ወይም የድንጋዩ ፎቶግራፍ ነው። ሁለተኛው ንባብ ነው፤ ይህም ሊቃውንት ፊደል በፊደል ገልብጠው፣ የጎደለውን በግምት ሞልተው የሚያቀርቡት ጽሑፍ ነው። ሦስተኛው ወደ ዘመናዊ ቋንቋ የተመለሰው ትርጉም ነው። ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው በተኬደ ቁጥር የሊቃውንቱ የግል ፍርድ ድርሻ ይጨምራል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በስዊድን በ800 ግድም የቆመው የሮክ ድንጋይ ነው። በድንጋዩ ላይ ሩን የተባሉት የጥንት ፊደላት 760 ያህል ምልክቶች ተቀርጸው ይገኛሉ። በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የተጠናቀረውና ከ6,000 በላይ የሩን ጽሑፎችን የያዘው የመረጃ ማኅደር የዚህንም ድንጋይ ንባብ በነፃ ያቀርባል። ትርጉሙ ግን እስካሁን ያከራክራል። ብዙ ሊቃውንት የጎቶችን ንጉሥ ቴዎዶሪክን የሚያወሳ የጀግንነት ታሪክ አድርገው ሲተረጉሙት ቆይተዋል፤ በ2020 ግን የስዊድን ተመራማሪዎች ልጁ የሞተበት አባት የአየር ንብረት መዛባትን ሥጋት የገለጸበት ነው ሲሉ ጽፈዋል። ትርጉሙን ብቻ ያነበበ ተማሪ አንዱን አስተያየት የተረጋገጠ ታሪክ አድርጎ ይይዘዋል።

በመዝገበ ቃላትም ረገድ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጆሴፍ ቦስዎርዝ የጀመረውና ኖርዝኮት ቶለር በ1898 የፈጸመው የጥንታዊ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ በፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። ከ1970 ጀምሮ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው አዲሱ መዝገበ ቃላት ሦስት ሚሊዮን ያህል ቃላት ባሉት የጽሑፍ ክምችት ላይ ስለተመሠረተ ይበልጥ የተሟላ ማስረጃ ይሰጣል፤ ሆኖም በ2018 የደረሰው እስከ አይ ፊደል ነበር። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ፊደላት የሚጀምር ቃል ያጋጠመው ተማሪ ወደ አሮጌው ይመለሳል፤ በየትኛው እንደተጠቀመም በማስታወሻው ማስፈር ይገባዋል።

በኢንተርኔት የተገኘ ሁሉ ለዘለቄታው ይኖራል ማለት አይደለም። 3,182 ስንኞች ያሉት ቤዎውልፍ የተባለው የጀግንነት ግጥም የቀረው በአንድ ብራና ብቻ ነው። ይህም ብራና በ1731 ለንደን ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ ጠርዙ ተለብልቦ ፊደላቱ መርገፍ ጀመሩ። ከረገፉት ብዙዎቹ ዛሬ የታወቁት፣ ቶርክሊን የተባለ አይስላንዳዊ ሊቅ በ1780ዎቹ መጨረሻ ሁለት ግልባጮች እንዲዘጋጁ ስላደረገ ነው። ብራናው በሚገኝበት በብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ በኦክቶበር 2023 የኮምፒዩተር ጥቃት በደረሰ ጊዜም፣ የብራናዎቹ ምስሎች ለወራት ከኢንተርኔት ጠፍተው ነበር። እንግዲህ ፈቃድ ያላቸውን ምስሎችና ጽሑፎች አስቀድሞ በተቋሙ ኮምፒዩተር ማስቀመጥ የዕቅድ አውጪዎች ኃላፊነት ሊሆን ይገባል።

ይህ አሠራር ለግዕዝ ትምህርትም ያገለግላል፤ የዲልማን የ1865 የግዕዝ መዝገበ ቃላት በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት በኢንተርኔት ቀርቧልና። በሁለቱም ዘርፍ ትምህርቱ ከምስሉ ተነሥቶ፣ በንባቡና በመዝገበ ቃላቱ አልፎ፣ በመጨረሻ ወደ ትርጉሙ ቢደርስ፣ ተማሪው የሌላውን ፍርድ ከመቀበሉ በፊት ራሱ መመርመርን ይለምዳል።