አንብቦ የመረዳት ችሎታን የሚያጎለብቱ ሥዕላዊ ማደራጃዎች

በ2002 ዓ.ም በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች የተካሄደው የንባብ ችሎታ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸውን አሳይቶ ነበር። በወቅቱ ብዙዎችን ያሳሰበው ይኸው ውጤት ነው። ዓይን የማይስበው ሌላው ችግር ግን ምንባቡን ሳያደናቅፈው የሚወጣ ተማሪ፣ ስላነበበው ነገር ሲጠየቅ መልስ ማጣቱ ነው። ይህ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ መከታተል ሲጀምር ችግሩ ይባባስበታል።

ለዚህ ከሚያግዙ ዘዴዎች መካከል «ግራፊክ ኦርጋናይዘር» በመባል የሚታወቁት ሥዕላዊ ማደራጃዎች ይገኙበታል። እነዚህም ተማሪው ያነበባቸውን ሐሳቦች ከነግንኙነታቸው የሚያሰፍርባቸው ክቦች፣ ሣጥኖች፣ ቀስቶችና ሠንጠረዦች ናቸው።

ለአብነት ስለ ቡና ዝግጅት የሚገልጽ ምንባብ ቢወሰድ፣ የታጠበ ቡና ቀዩ እሸት በማሽን ተፈልፍሎ፣ እንዲብላላ ተደርጎና ታጥቦ ይደርቃል፤ ያልታጠበው ደግሞ ከነገለፈቱ ደርቆ ጀንፈል ከሆነ በኋላ ይቀሸራል። ተማሪው በከፊል የተደራረቡ ሁለት ክቦችን ሥሎ ልዩነቶቹን በየክቡ፣ የጋራ የሆነውን ማለትም የበሰለ እሸት መለቀሙንና መድረቁን መሐል ላይ ይጽፋል። የትኛው ሐሳብ የት እንደሚገባ ለመወሰን ምንባቡን መልሶ ማየት ግድ ይለዋል። የዘዴው ጥቅም የሚመነጨውም ከዚሁ ነው፤ ሥዕሉ በራሱ የሚያስተምረው ነገር የለም። ምንባቡ የአንዱን ዝግጅት ቅደም ተከተል ብቻ የሚተርክ ቢሆን ኖሮ፣ ክቦቹ ቀርተው በቀስት የተያያዙ ሣጥኖች ይመረጡ ነበር።

አሜሪካዊቷ የንባብ ትምህርት ምሁር ዶና ኦግል እ.ኤ.አ በ1986 ያስተዋወቁት ሠንጠረዥ ሦስት ዐምዶች አሉት። «የማውቀው» እና «ማወቅ የምፈልገው» የሚሉት ከንባብ በፊት፣ «ያወቅሁት» የሚለው ከንባብ በኋላ ይሞላሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነልም እ.ኤ.አ በ2000 ባወጣው ሪፖርት፣ አንብቦ መረዳትን ለማሻሻል ጽኑ ማስረጃ አላቸው ካላቸው ሰባት ዘዴዎች ውስጥ ሥዕላዊ ማደራጃዎችን አካትቷል።

ዘዴው ከጠመኔና ከደብተር ያለፈ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የመምህሩን ዝግጅትና የክፍለ ጊዜውን ደቂቃዎች ነው፤ ተማሪ በበዛበት ክፍል ይህ ቀላል አይደለም። በዚህም ሳቢያ መምህሩ ሠንጠረዡን ራሱ ሞልቶ በሰሌዳ ላይ የሚያስገለብጥ ከሆነ፣ ተማሪው የሚለማመደው መገልበጥን እንጂ መረዳትን አይደለም። ትምህርት ቤት የሚጎበኝ ሱፐርቫይዘር ሠንጠረዥ መሠራቱን ብቻ አይቶ ሪፖርቱን ከሚሞላ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ደብተሮች ጎን ለጎን ቢያስተያይ የተሻለ ነው። በሁሉም ደብተሮች ላይ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር በአንድ ዓይነት ቦታ ከተገኘ፣ ምንባቡን ያነበበው መምህሩ ብቻ ሊሆን ይችላል።