ከዘር የመጣ ነገር በመድኃኒት ይመለሳል?

«በዘራችን የልብ ሕመም አለ። እናቴ በልቧ ነው የሞተችው፤ ታናሽ እኅቴም ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሳለች ልቧ ደክሞ አረፈች። ይኸው አሁን ደግሞ ልጄ ጉሮሮው ቆስሎ ሲያተኩሰው ሰነበተ። ከዘር የመጣ ነገር በመድኃኒት ይመለሳል?»

ጠያቂዋ በድሬዳዋ ገንደ ቆሬ የምትኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ልጇ የ9 ዓመት ተማሪ ነው። ጎረቤቶቿ ጥፋቱን በበረዶ ውሃ ላይ አላከዋል፤ በድሬ ሙቀት በረዶ ውሃ የማይጠጣ ልጅ ከየት እንደሚገኝ ግን አልነገሯትም። አንዲት ባልቴት ደግሞ «እንጥሉን አስቆርጪው» ብለዋታል።

የእናቲቱ ስጋት ግማሹ እውነት ነው። በአገራችን ብዙ ሕፃናትንና ወጣት እናቶችን የሚጎዳው የልብ ሕመም የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ጉሮሮ ያቆስላል። ሕመሙ በቀናት ውስጥ የዳነ ይመስላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ትኩሳት ይመለሳል፤ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን በየተራ ያብጣሉ። ይህ የቁርጥማት ትኩሳት ይባላል። ተሕዋሱን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ፣ የልብ ሥጋ ከተሕዋሱ ጋር ስለሚመሳሰልበት፣ ተሳስቶ በገዛ ልቡ ላይ ይነሣል። ብግነቱ በተደጋገመ ቁጥር የልብ በሮች ጠባሳ ይዘው ይጠባሉ፣ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር ለዓመታት ሳይታወቅ የኖረ የጠበበ በር ያን ጊዜ ይጋለጣል። የእኅቲቱም ነገር ይህን ይመስላል።

በአንድ ወንበር ተቀምጠው አንድ ተሕዋስ ከያዛቸው ልጆች ጥቂቶቹ ብቻ ለልብ ሕመም የሚዳረጉት ለምንድን ነው? ዘር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 435 ጥንድ መንትዮችን የሚመለከት ጥናት እንዳሳየው፣ አንደኛው በቁርጥማት ትኩሳት ሲያዝ ሌላውም የመያዙ ዕድል በአንድ ዕንቁላል መንትዮች ዘንድ ከመቶ 44፣ በሁለት ዕንቁላል መንትዮች ግን ከመቶ 12 ነው።

ሐኪም ብግነትን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ጉበት የሚሠራውን ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በደም ውስጥ መለካት ነው። ይህ ፕሮቲን እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ይታወቃል። መጠኑም ቢሆን ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከልዩነቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው የውርስ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያየች እናት ልትደነግጥ አይገባም፤ ሐኪሙ የሚፈርደው ከልጁ መገጣጠሚያና ከልቡ ድምፅ ጋር አስተያይቶ ነው።

ደግሞም ቤተሰብ የሚወራረሰው ደም ብቻ አይደለም። ስድስት ሰባት ሆኖ በአንድ ክፍል ሲያድር ሳሉንም ይወራረሳል። አያት፣ እናትና ልጅ በአንድ ሕመም ሲያዙ «ዘር ነው» የምንለው አንዳንዴ ቤቱ ነው።

ዘርን መለወጥ አይቻልም፤ ያለ ተሕዋሱ ግን ይህ ሕመም አይነሣም። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ ስለሚመጣ የትኛው ፔኒሲሊን እንደሚያሻው የሚለየው የጤና ባለሙያ ነው። መድኃኒቱ ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ የቁርጥማት ትኩሳትን ይከላከላል፤ በአንድ መርፌ ወይም 10 ቀን ሙሉ በሚዋጥ። በሦስተኛው ቀን «ተሻለው» ብሎ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ማስቀመጥ ከብዙ ቤት የማይጠፋ ስሕተት ነው። አንድ ጊዜ በቁርጥማት ትኩሳት የተያዘ ልጅ ደግሞ እንዳይደገምበት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መርፌውን መወጋት አለበት። እንጥል ማስቆረጥ ተሕዋሱን አያጠፋም፤ ትርፉ ደም መፍሰስና መመርቀዝ ነው።

ልጁ ከታመመ አምስተኛ ቀኑ ነበር። እናቲቱ የግማሽ ቀን ደመወዝ እንደሚቆረጥባት እያወቀች ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ የእናቷንና የእኅቷንም ነገር ተናገረች። ባለሙያዋ ለልጁ መርፌ ካዘዙ በኋላ ማዳመጫቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ነይ፣ ያንቺንም ልስማው» አሏት።