የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ወዴት ያደርሳል?

አሜሪካ ገብቶ ገና የተደላደለ ወጣት አገር ቤት ይደውልና «ትምህርት ጀመርኩ፤ ኮምፒዩተር ፕሮግራሚንግ ነው፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል» ይላል። እናት ወዲያው ትጠይቃለች፦ «ዲፕሎማ ነው ዲግሪ?» መልሱ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዲፕሎማ ሲባል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ነው። የሁለት ዓመቱ የኮሌጅ ትምህርት አሶሺየት ዲግሪ ይባላል፤ በእኛ ልማድ ከቀድሞው የኮሌጅ ዲፕሎማ ጋር ይቀራረባል። ወደ 60 ክሬዲት አለው፤ በአብዛኛው የሚሰጠውም በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ ላለው አበሻ እነዚህ ኮሌጆች ቅርብ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ካምፓስ አለ፤ አሌክሳንድሪያ ደግሞ ሰው ሁሉ «ኖቫ» የሚለው የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለ።

መጀመሪያ ዋጋው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን የአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዓመታዊ ክፍያ በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ 4,050 ዶላር ነበር፤ ይህ ለአካባቢው ነዋሪ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር የዚያው ስቴት ነዋሪ በአማካይ 11,610 ዶላር ይጠየቅ ነበር። በዚያ ላይ ፔል ግራንት የሚባል የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ አለ፤ በዚያው ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘ፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ፋፍሳ የተባለውን ቅጽ ሞልቶ ሊጠይቅ ይችላል። ቅጹ በነፃ ነው፤ «እኔ ልሙላልህ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አንድም ሳንቲም አትስጡ። ሙሉውን እርዳታ ያገኘ ተማሪ ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ የሚሆን ይተርፈዋል። ቨርጂኒያ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ጂ-3 በሚባል ፕሮግራም አይቲን ጨምሮ ተፈላጊ በሆኑ ሙያዎች ለሚማሩ፣ ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን ለማያልፍ ነዋሪዎቿ ከሌላ እርዳታ የተረፈውን ክፍያ ትሸፍናለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚሰማው ነገር አለ። ፔል ግራንት የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ዲግሪም ይቆጠራል። ስለዚህ ጎንደር ወይም ጅማ ተምሮ የመጣ ሰው ወደ ሁለት ዓመቱ ኮሌጅ ከመሮጡ በፊት ዲግሪውን አስገምግሞ ማስተርስ መግባት ይችል እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻላል። የለፋበትን ዓመት እንዳልነበረ ቆጥሮ ከዜሮ መጀመር የለበትም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ሰዓቱ ነው። ለአንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ደግሞ ከክፍል ውጭ ይታሰባል። በሁለት ዓመት ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 ክሬዲት መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህ ማለት በሳምንት 45 ሰዓት ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ወይም ሆስፒታል በሌሊት ፈረቃ 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ይህ የሚቻል አይደለም። ስድስት ስድስት ክሬዲት ከወሰደ አሥር ሴሚስተር፣ ማለትም አምስት ዓመት ይሆናል። ፕሮግራሚንግ ደግሞ በአውቶቡስ ላይ እየሸመደዱ የሚያልፉት ትምህርት አይደለም፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጠፍታ ሌሊቱን ስትፈለግ ታድራለች። ከአቅም በላይ ተመዝግቦ ኮርስ ማቋረጥም የራሱ ጣጣ አለው፤ ከተመዘገቡበት የሚጠናቀቀው ሲያንስ የፌዴራል እርዳታው ሊቋረጥ ይችላል።

ታዲያ ውጤቱስ? የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንደሚለው በግንቦት 2024 ከኮምፒዩተር ፕሮግራመሮች ግማሾቹ በዓመት ከ98,670 ዶላር በላይ ያገኙ ነበር። ቁጥሩ ያስጎመጃል፤ ነገር ግን ይኸው ቢሮ ለሥራው መግቢያ በተለምዶ የሚጠየቀው የአራት ዓመት ዲግሪ መሆኑን ይጽፋል። የፕሮግራመሮች ቁጥርም ከ2024 እስከ 2034 በ6 በመቶ እንደሚቀንስ፣ የሶፍትዌር ዴቨሎፐሮችና የጥራት ፈታሾች ቁጥር ግን በ15 በመቶ እንደሚያድግ ይተነብያል። ልዩነቱን ልብ በሉ። ፕሮግራመር ሌላው የነደፈውን ወደ ኮድ የሚመልስ ነው፤ ያ ሥራ ወደ ማሽኑ እያደላ ነው። ዴቨሎፐር ግን ችግሩን አጥንቶ መፍትሔውን የሚነድፍ ነው። አሶሺየት ዲግሪ ብቻ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቴክኒክ ድጋፍ ሰጪነት ነው፤ በአገር ቤት ቋንቋ «አይቲ» የምንለው፣ የተበላሸ ኮምፒዩተርና የተረሳ የይለፍ ቃል የሚያስተካክለው ሠራተኛ። የተከበረ ሥራ ነው፤ ሰው ያሰበው ግን እሱን ላይሆን ይችላል።

አንድ ስሌት እንጨምር። በ2024 ሙሉ ጊዜ ከሚሠሩ ዕድሜያቸው 25 ከሞላ ሠራተኞች መካከል፣ በሁለተኛ ደረጃ ያቆመው መካከለኛ ሠራተኛ የሳምንት ገቢ 930 ዶላር፣ የአሶሺየት ዲግሪ ያለው 1,099፣ የአራት ዓመት ዲግሪ ያለው 1,543 ነበር። የመጀመሪያው እርከን ወደ 170 ዶላር፣ ሁለተኛው ከ440 በላይ ይጨምራል። በእኔ እምነት የሁለት ዓመቱ ዲግሪ ዋና ጥቅሙ ወደ ሁለተኛው እርከን በርካሽ መሸጋገሪያ መሆኑ ነው። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎች ድልድዩ ላይ መቅረታቸው ነው፤ በ2024 የወጣ አገር አቀፍ ጥናት እንዳሳየው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጀመሩ 100 ተማሪዎች በስድስት ዓመት ውስጥ የአራት ዓመት ዲግሪ የያዙት 16 ብቻ ናቸው።

ከሚያስቀሩት ነገሮች አንዱ የዲግሪው ስም ነው። ኤ.ኤስ. የሚባለው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የታሰበ ነው፤ ካልኩለስና ሌሎች ከባድ የሒሳብ ኮርሶች ይኖሩታል። ኤ.ኤ.ኤስ. የሚባለው በቀጥታ ወደ ሥራ ለመግባት የተዘጋጀ ነው፤ ሒሳቡ ቀለል ይላል፣ ነገር ግን ከክሬዲቱ ብዙውን ዩኒቨርሲቲ ላይቀበለው ይችላል። ሁለቱ በካታሎጉ ላይ ጎን ለጎን ተጽፈው የሚለዩት በአንድ ፊደል ነው። ሒሳብ የፈራ ተማሪ ቀላሉን ይመርጣል፤ የመረጠው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ሊዛወር በር ሲያንኳኳ ነው። ከ2018 ጀምሮ ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አድቫንስ በሚባል የጋራ ፕሮግራም ተማሪው ገና ሲጀምር የአራቱን ዓመት ኮርሶች ተራ በተራ ያሳዩታል። እንዲህ ያለ ስምምነት በሌለበት ኮሌጅ ከመመዝገባችሁ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር ይዛችሁ መግባት የምትፈልጉበት ዩኒቨርሲቲ ሂዱ፤ እያንዳንዱን ኮርስ ምን ብሎ እንደሚቀበለው ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል፣ በጽሑፍ ተቀበሉ።