የከባቢ ሥነ ሕይወት ትምህርት በአዊ ምድር

እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎችን መቀበል ከጀመረ ወዲህ፣ ሥነ ሕይወትን ከነከባቢው ለማጥናት የሚሻ የአዊ ልጅ ሊመረምረው የሚገባውን ደን፣ ሐይቅና እርሻ ከመማሪያ ክፍሉ ብዙ ሳይርቅ ስለሚያገኝ፣ ይህ ዘርፍ በአገራችን የደረሰበትን ደረጃ መዳሰስ ጊዜው ነው።

የዘርፉ ዐቢይ ፍሬ፣ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በየተራ የመሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተደከመበት፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያና የኤርትራ የዕፅዋት ዝርያዎችን በስምንት ቅጽ የመዘገበው ሥራ ነው። ከዕፅዋት ባሻገር፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛውን የዘንገናን ጥልቅ ሐይቅ ለሚያጠና የውኃ ሥነ ሕይወት የግድ ያስፈልገዋል።

በዳንግላ ወረዳ፣ በደንገሽታ ቀበሌ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው የዝናቡን፣ የወንዙንና የጉድጓዱን ውኃ መጠን እየለኩ መመዝገባቸው፣ ምሁራኑም ያንን መዝገብ መርምረው የታመነ ሆኖ ማግኘታቸው፣ ከማናቸውም ጽንሰ ሐሳብ ይልቅ ለጀማሪ ተማሪ ሊነገር የሚገባ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ግን በፋግታ ለኮማ ወረዳ የተስፋፋው፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ነው። ገበሬው አሲድ ባጠቃው ማሳ ላይ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ተክሎት፣ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር አጭዶ፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል። ዛፉ ናይትሮጅንን ከአየር ስቦ አፈሩን ስለሚያለማ፣ የቀረውንም የተፈጥሮ ደን ከምሳር ስለሚያስጥል የሚያመሰግኑት አሉ፤ የእህል መሬት ስለሚያጠብ፣ አገር በቀሉንም ዕፅ ስለሚገፋ የሚነቅፉት አሉ። እኔ በበኩሌ፣ ልጁን ለማስተማር የሚሆነውን ገንዘብ ከዚህ ዛፍ ያገኘውን ገበሬ ከመፍረድ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሆኖም በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ገብቶ ተክሉን ሲያደርቀው፣ አንድ ዝርያ ብቻ በሰፊ ምድር መንሰራፋቱ ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ታየ። በአንድ የበጋ ወራት ልኬት ብቻ የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ፣ አራት አምስት ዓመት የሚፈጅን የእርሻ ዑደት ሊዳኝ አይችልምና፣ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍል በፋግታ ለኮማዋ አዲስ ቅዳም ዙሪያ ቋሚ የምልከታ ማሳዎች ለይቶ፣ እንደ ደንገሽታ ገበሬዎቹን መዝጋቢ ቢያደርግ፣ አንዱ የተማሪ ዙር የጀመረውን ቀጣዩ ዙር ተቀብሎ ሊቀጥለው ይችላል።