ልብን መጠበቅና የአደራ ገንዘብ

የኃጢአት መነሻው እጅ ሳይሆን ልብ መሆኑን ጌታችን አስተምሮናል (ማር. 7፥21)። አበው መነኮሳትም ፈተና ደረጃ እንዳለው ያስረዳሉ፦ በመጀመሪያ ሐሳብ ይመጣል፤ ቀጥሎ ሰው ከሐሳቡ ጋር ይነጋገራል፤ ከዚያ ይስማማል፤ በመጨረሻም ይፈጽመዋል፤ ሲደጋገም ልማድ ሆኖ ይገዛዋል። የሐሳብ መምጣት ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ተቀብሎ ማስተናገድ ግን በር መክፈት ነው።

የይሁዳ ታሪክ ይህን ያሳየናል። ከረጢቱን ይይዝ ነበርና ከሚገባው ይወስድ ነበር (ዮሐ. 12፥6)። በኋላ ዲያብሎስ አሳልፎ የመስጠትን ሐሳብ በልቡ አገባ (13፥2)፤ በመጨረሻም ሰይጣን ራሱ ገባበት (13፥27)። ለታላቁ ክህደት መንገድ የጠረገው ትንሹ እምነት ማጉደል ነው።

እኛም በየሰበካ ጉባኤያችን የምእመናንን አሥራትና የልማት ገንዘብ በአደራ እንይዛለን። «ለጊዜው ልጠቀምበትና እመልሰዋለሁ» የሚል ሐሳብ ሲመጣብን ክርክር አንግጠመው፤ በጸሎት ፈጥነን እንቁረጠው፤ ለንስሐ አባታችንም እንግለጠው፤ የተገለጠ ሐሳብ ኃይሉ ይደክማልና። ጾምና ስግደት ልብን እንደሚያጸኑ ሁሉ፣ ደረሰኝ፣ የሁለት ሰዎች ፊርማና በወቅቱ የሚደረግ የሒሳብ ምርመራም ገንዘብ ያዡን ወንድማችንን ከፈተና ያርቁታል። ስለዚህ ቁጥጥርን እንደ ጥርጣሬ አንቍጠረው፤ አንዱ የሌላውን ነፍስ የሚጠብቅበት ፍቅር ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።